ቅጥር ሊሰረዝ ነው የሚል ደብዳቤ ሲደርስ

ጥያቄ፦ በሎስ አንጀለስ አካባቢ አንድ የከተማ አስተዳደር ባክግራውንድ ቼክ (የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ) እስካልፍ ድረስ በሚል ለጸሐፊነት ሊቀጥረኝ ተስማምቶ ነበር። አሁን ቅጥሩን ለመሰረዝ ማሰቡን ጽፎልኛል። ሪፖርቱ ላይ በ2021 የተፈረደብኝ ቀላል ስርቆትና ጭራሽ የማላውቀው የ2014 ጥፋት አለ። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ አይቁረጡ፤ የደረሰዎት ገና የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የካሊፎርኒያ ሕግ 5ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ሁሉ፣ ከተማና ካውንቲን ጨምሮ፣ መልስዎን ቢያንስ 5 የሥራ ቀን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ፖሊስ መሥሪያ ቤትና ማጣራቱን ሌላ ሕግ የሚያዝበት ሥራ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። የሪፖርቱ ቅጂ ካልተያያዘ ዛሬውኑ በኢሜይል ይጠይቁ።

በመጀመሪያ የ2014ቱን ይያዙ። «ይህ የእኔ አይደለም፤ ማስረጃ ለማምጣት ፍርድ ቤት እየሄድኩ ነው» ብለው በ5ቱ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካሳወቁ ሌላ 5 የሥራ ቀን ያገኛሉ። ብዙ ሰው በስልክ ብቻ ተናግሮ ይህን ጊዜ ያጣል። የግል አጣሪ ድርጅቶች መዝገብ የሚፈልጉት በአብዛኛው በስም ነው። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲመዘገብ፣ ልደትም ሰነዱ ላይ ጃንዋሪ 1 ሲሆን፣ የአንዱ ዳዊት ተስፋዬ ጥፋት በሌላው ላይ ይለጠፋል። የመዝገብ ቁጥሩን ይዘው ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይሂዱና የተከሳሹን የልደት ቀንና አድራሻ ከራስዎ ጋር ያስተያዩ፤ የተረጋገጠ ቅጂም ይውሰዱ። ለአጣሪው ድርጅትም ይጻፉ፤ ለማጣራት ግን 30 ቀን ስላለው እሱን አይጠብቁ። በዚያ ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ድርጅት ከ7 ዓመት ያለፈን ጥፋት በመደበኛው ሪፖርት ማድረግ አይፈቀድለትም።

የ2021ዱን አይካዱ። ከተማው የጥፋቱን ክብደት፣ ያለፈውን ጊዜና የሥራውን ጠባይ ለየብቻ መመዘን አለበት። ስለዚህ ገንዘብ የማይነካ የጸሐፊ ሥራ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ የሠሩበትን ቦታ፣ የአለቃ ደብዳቤና የፕሮቤሽን (ፍርድ ቤት የሚያዘው የክትትል ጊዜ) መጨረሻ ወረቀት በአንድ ገጽ ያቅርቡ።

ከዚህ በኋላም ከሰረዙዎት በጽሑፍ ሊነግሩዎት ይገባል፤ ለካሊፎርኒያ የሲቪል መብቶች መምሪያ ለማመልከት 3 ዓመት አለዎት።

ፕሮቤሽንዎን ከጨረሱ ፍርድ ቤቱ ጥፋቱን እንዲሰርዝልዎ ያመልክቱ፤ ከተሰረዘ በኋላ ቀጣሪ ሊመዝነው አይችልም። ኢሚግሬሽን ዘንድ ግን አሁንም እንደ ጥፋተኝነት ይቆጠራል። ግሪን ካርድ ብቻ ካለዎት የዜግነት ቅጽ ላይ «ተፈርዶብኝ አያውቅም» ብለው እንዳይፈርሙ፤ ከመሙላትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።