መልስ፦ በሌንሱ ውስጥ ስላለው አቧራ

«ያገለገለ የካሜራ ሌንስ ገዝቼ በባትሪ ሳየው ውስጡ አቧራ አለ፤ ልመልሰው ወይስ ላስከፍተው?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ለአቧራ ብቻ ከሆነ ሁለቱንም አታድርግ። በባትሪ ብርሃን ከተመረመረ አዲስ ሌንስ እንኳ ንጹሕ አይመስልም። ከፊተኛው መስታወት አካባቢ ያለ ብናኝ ከትኩረት ውጪ ስለሚሆን በፎቶው ላይ ቅርጹ አይወጣም። ወደ ሴንሰሩ (ምስሉን ወደሚቀበለው የካሜራው ክፍል) የሚቀርበው የኋለኛው መስታወት ግን ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ) ወደ ኤፍ 16 አጥብበህ ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሳ። ነጠብጣብ ካየህ በሌላ ሌንስ ድገመው፤ እዚያው ቦታ ላይ ከታየ አቧራው ያለው ሴንሰሩ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜም የሚገኘው እዚያ ነው!

ባትሪው የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ካየህ ሻጋታ ነው፤ መስታወቱን እንደ ጭጋግ የሸፈነው ነገር ካለ ደግሞ በፎቶው ላይ የብርሃንና የጨለማውን ልዩነት ያደበዝዛል። በእነዚህ ምክንያት ብትመልሰው አልፈርድብህም።

እኔ አንዱን በገዛ እጄ ፈትቼ አቧራውን አስወግጄ ነበር። መስታወቱ በትክክል ስላልተቀመጠ ከዚያ በኋላ የፎቶው ግራ ጎን ደብዝዞ ቀረ። ያንተ ዙም ከሆነ ደግሞ ሲረዝምና ሲያጥር አየር ስለሚስብ ቢጸዳም አቧራው ተመልሶ ይገባል።