ኮፒው 11 ሜጋባይት ላይ ተቸንክሯል? ፎርማቱን ተወውና ኬብሉን እይ

ወንድሜ፣ በፈጠረህ ፎርማት እንዳታደርገው! ጥያቄውን ላላያችሁ፦ ልጁ ፒያሳ ቪዲዮ ቤት አለው። ሁለት ዊንዶውስ 10 ኮምፒውተሮች በጊጋቢት ስዊች (ኬብሎቹ የሚሰኩበት ማገናኛ ሳጥን፣ ጊጋቢት ማለት 1000 ሜጋቢት በሰከንድ ነው) አገናኝቷል። የጥምቀትና የሠርግ ቪዲዮ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለብጥ ግን 11 ሜጋባይት በሰከንድ ላይ ቆሞ ንቅንቅ አይልም። "ዊንዶውሱ አርጅቷል፣ እንደ አዲስ ይጫን" ብለውታል።

እኔ ኔትወርክ ስዘረጋ ነው የምውለው፣ መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን ነው። ችግሩ የዊንዶውስ ቢሆን ፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። 11 ላይ ድርቅ ካለ መስመሩ በ100 ሜጋቢት እየሠራ ነው። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 100ን ለ8 ስታካፍለው 12.5 ሜጋባይት ይመጣል፣ መላላኪያው ራሱ የሚበላው ሲቀነስ 11 ምናምን ይቀርሃል። ጊጋቢቱ በደንብ ቢሠራ 110 አካባቢ ታይ ነበር።

አሁን ሁለቱም ላይ ሴቲንግ ግባ፣ ኔትወርክ፣ ከዚያ ኢተርኔት፣ ሊንክ ስፒድ (የመስመሩ ፍጥነት) የሚለውን አንብብ። አንዱ 1000 ሌላው 100 ካለ ሌባው ተያዘ።

ኬብሉ ውስጥ 8 ሽቦ አለ። ለ100 ሜጋቢት 4ቱ ይበቃሉ፣ ብርቱካናማውና አረንጓዴው ጥንድ። ጊጋቢት ግን 8ቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ከሰማያዊው ወይም ከቡናማው አንዷ ብትበጠስ ኢንተርኔቱም ይሠራል፣ ፋይሉም ይሄዳል፣ ማንም ሳይጠረጥር ድምፁን አጥፍቶ ወደ 100 ይወርዳል። አንድ ሱቅ ውስጥ ኬብሉ በብረት በር ሥር ያልፍ ነበር። በሩ በተዘጋ ቁጥር ይረግጠዋል። ከላይ ላስቲኩ ትንሽ ጠፍጠፍ ብሏል እንጂ ደህና ነው የሚመስለው፣ ስንልጠው ቡናማዋ ሽቦ ለሁለት ተከፍላለች። ጫፉንም እይ፤ ያቺ እንደ መስታወት የምታሳየው ፕላስቲክ ውስጥ 8ቱም ሽቦዎች እስከ መጨረሻው መድረስ አለባቸው። ጫፉ በእጅ ተቆንጥጦ የሚሸጥ ኬብል ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

መፈተኛው ቀላል ነው፣ የሁለቱን ኬብል አቀያይር። 100ው ኬብሉን ተከትሎ ከሄደ ኬብሉን ጣለው። እዚያው ከቀረ ዲቫይስ ማናጀር ገብተህ የኔትወርክ ካርዱን "ስፒድ ኤንድ ዱፕሌክስ" እይ፣ አንዱ ጎበዝ 100 ላይ ቆልፎት ሊሆን ይችላል፣ ኦቶ ላይ መልሰው። ስዊቹንም ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ፤ "10/100" ብቻ ካለ ጊጋቢት ብሎ የሸጠልህ ሰው ጋር ተነጋገር።

ከዚህ በኋላ ኮፒው 110 ላይ ጀምሮ እየቆየ ቢወርድ አትደንግጥ፣ ያ ሌላ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ ተቀባዩ ዲስክ በዚያ ፍጥነት መጻፍ አቅቶታል ማለት ነው፣ ርካሽ ኤስኤስዲ ላይ በተለይ የታወቀ ነው። ቪዲዮው እየበረረ ፎቶው ብቻ የሚንፏቀቅ ከሆነ ደግሞ የፋይሉ ብዛት ነው፣ እያንዳንዷ ፎቶ የራሷ መክፈቻና መዝጊያ አላት፣ ዚፕ አድርገህ ላክ።

"በዋይፋይ አድርገው" ያልሽው እህቴ፣ አይሆንም። በዚያ በጣሊያን ዘመን ወፍራም ግንብ ውስጥ ዋይፋይ አልፎ እንኳ ቢደርስ፣ ሁለቱም ኮምፒውተር አንዱን አየር እየተሻሙ ፍጥነቱን ለግማሽ ይካፈሉታል።

ሊንክ ስፒዱን አይተህ እዚሁ ጻፍልን።