ምች በየትኛው ኮድ ይገባል?

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ነርሱ ‹ምች› ብሎ የጻፈበት ካርድ መጣልኝ። ‹የፀሐይ ቃጠሎ› ብዬ በአይሲዲ 10፣ በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ኮድ ዝርዝር፣ ኤል 55 ልስጠው?» ትለኛለህ።

ኧረ እንዳታደርገው!

ምች ከ«መታ» ነው። «ፈታ» ብሎ «ፍች»፣ «መታ» ብሎ «ምች»፤ «ት» ወደ «ች» ዞረች። ራስ ምታትም የዚያው ቤት ልጅ ነው። መቺው ማን እንደሆነ ግን ቃሉ አይናገርም። አያቴ ትኩሳቱንም፣ ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረውንም ምች ነበር የሚሉት። ዳማከሴውን በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን በቡና ያጠጡናል።

ኋላ ቀር ቃል ነው፣ ይጣል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። አልስማማም። የከንፈሩ ቁስል የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ የተኛውን ቫይረስ ደግሞ ፀሐይ ትቀሰቅሰዋለች። አያቴ ግማሹን ደርሰውበት ነበር ማለት ነው። ኮዱ ግን ቢ 00.1 ነው፣ ከፀሐይ ቃጠሎ ጋር አይገናኝም።

«ቃጠሎ» ራሱ ደስ አይለኝም። ቃጠሎ የቤትና የጫካ ነው። ፀሐይ «ትለበልባለች»። የ«ነበልባል» ዘመድ ይመስለኛል፤ ማስረጃ ካልከኝ ጆሮዬ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ቆዳ የሚለበልበው የፀሐይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌቱ፣ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ የጣና ነፋስ ስለሚያቀዘቅዘው ታንኳ ሲቀዝፍ የዋለ ልጅ ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ነው የሚነቃው። ያኔ «ትከሻዬን ለበለበችኝ» ይላል እንጂ «ቃጠሎ ደረሰብኝ» አይልም። ቆዳው ከቀላ ኤል 55.0፣ ውሃ ከቋጠረ ኤል 55.1 ነው።

ዶክሲሳይክሊን እየዋጠ ከሆነስ? መድኃኒቱ ቆዳውን ለብርሃን አጋልጦት ሊሆን ይችላል፤ ያ ኤል 56.0 ነው። የኤል 56ን ርዕስ ስትተረጉም ደግሞ እንግሊዝኛው «acute» ስላለ «ድንገተኛ የቆዳ ለውጥ» አትበል። ድንገተኛ በአምቡላንስ የሚመጣው ነው። «አጣዳፊ» በለው፤ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ካስለመደን ቆየ።

በ«ቃጠሎ» ግን ተሸንፌያለሁ። ሐኪሙም ጋዜጣውም «የፀሐይ ቃጠሎ» ይላል፤ አንተም እንደዚያው ጻፍ፣ እኔን አትስማ። ያንን ካርድ ግን ለነርሱ መልስለትና «ከንፈር ነው ትከሻ? የሚወስደው መድኃኒትስ አለ?» ብለህ ጠይቀው።