ልጁን ቶሎ አታንሱባት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ36 ሳምንት ልጇ ማህፀን ውስጥ የሞተባትን እናት አዋልደሻል፤ ባልደረባሽ ሕፃኑን ሸፋፍና ፈጥና ስታወጣው አንቺ የምትይው ጠፍቶሽ ዝም ብለሽ ወጥተሻል። አሁን «ምን ማለት ነበረብኝ? ልጁን ብታየውስ አይብስባትም ነበር?» ትያለሽ። እኔ በአዋላጅ ነርስነት 19 ዓመት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባልደረባሽ ያደረገችውን አደርግ ነበር፤ እናትየው ቀና ሳትል ልጁን ከክፍሉ በማውጣት ማንም አይቀድመኝም ነበር።

አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጌ በማግስቱ ጠዋት የእናትየዋን የደም ግፊት ልለካ ገባሁ። ክንዷ ላይ ጨርቁን እያሰርኩ ሳለ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች «ፀጉር ነበረው?» አለችኝ። አላወቅኩም። በሁለት እጄ ተቀብዬው፣ ጠቅልዬው፣ አስረክቤው፣ አላየሁትም ነበር። «አዎ፣ ብዙ ፀጉር ነበረው» አልኳት። ያ ውሸት እስከ ዛሬ ይከተለኛል።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ፣ ችኮላው የእኛ መሆኑ ነው። እናትየው የምትቸኩልበት ነገር የላትም። የክፍሉ ዝምታ ስለሚከብደን እጃችን ሥራ ይፈልጋል፤ ያገኘነውን ሁሉ እናነሳለን፣ ልጁንም ጭምር።

ችኮላው የሚጀምረው ገና ከወሊዱ በፊት ነው። የልብ ምት ሲጠፋ «መሣሪያው እያስቸገረ ነው» ብሎ ወጥቶ መጥፋት የተለመደ ነው። ይልቅ «የልብ ምቱን ላገኘው አልቻልኩም፤ ሐኪም በአልትራሳውንድ እንዲያየው ጠርቻለሁ፤ እስኪመጣ ከአንቺ ጋር ነኝ» በያት። ሞቱ ሲረጋገጥም ቃሉን አትሸፋፍኑት። አንድ ሐኪም ለማለስለስ ብሎ «ልጅሽ አርፏል» ሲላት ሰምቻለሁ። እናትየው «እንግዲህ ሲራገጥ ሰንብቶ ደክሞት ይሆናል» ብላ ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ እያዩ እውነቱን እንደገና መንገር ምን እንደሚመስል አስቢው። «በጣም አዝናለሁ፤ ልጅሽ ሞቷል» ማለት ይከብዳል እንጂ አያሳስትም። ከሰዓታት በኋላም «አሁን ተንቀሳቀሰ!» ልትል ትችላለች። ጎኗን ስትቀይር ሕፃኑ በሽርት ውሃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ እንቅስቃሴው በእርግጥ ይሰማታል። አትከራከሪያት፤ ምስሉን እንደገና እንዲያሳዩዋት ጠይቂላት።

የደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ወይም የፈሰሰ የሽርት ውሃ ከሌለ በዚያው ሰዓት ምጥ ማስጀመር ብዙውን ጊዜ ግድ አይሆንም። ቤቷ ሄዳ፣ አልቅሳ፣ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ መመለስ ትችላለች። ሳይነካ ቢተው ምጡ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይመጣል፤ ነገር ግን ከአራት ሳምንት በላይ መቆየት የእናትየውን የደም መርጋት ሊያዛባ ይችላል፣ የልጁም ገጽታ ቀን በቀን ይለወጣል። ይህን ነግሮ ምርጫውን ለእሷ መተው ነው። ሲወለድ እንደማያለቅስም አስቀድመሽ ንገሪያት። የምታውቀው ቢሆንም ጆሮዋ ድምፅ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ከሞተ ጥቂት ሰዓታት ካለፉ ቆዳው መላጥ ይጀምራል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ የራስ ቅሉ አጥንቶች አንዱ በአንዱ ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ፤ መገጣጠሚያዎቹም ይላላሉ። ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ እያሳረፍሽ እንጂ እያሸሽ አትጠቢው፤ ካሸሽው ቆዳው ከእጅሽ ጋር ይመጣል። አንገቱን እንደማንኛውም አራስ በመዳፍሽ ደግፊው። ኮፍያ አድርጊለት። ስትጠቀልይው አንድ እጁን ወይም አንድ እግሩን ከጨርቁ ውጪ ተዪ፤ ብዙ እናቶች የሚጀምሩት ከጣቶቹ ነው። ይዘሽው ከመግባትሽ በፊት ደግሞ የምታየውን በቃል ንገሪያት፦ «ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ግራ ጉንጩ ላይ ትንሽ ቆዳ ተነስቷል፣ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ሰውነቱ ቀዝቃዛ ነው።» ያልተነገራት ቅዝቃዜ ያስደነግጣታል። ስም ካወጡለት በስሙ ጥሪው። «አካሉ» ወይም «ጽንሱ» የሚሉት ቃላት በእናት ፊት አይነገሩም፤ ካርድ ላይ ይቆዩ።

ብታየው ይብስባት እንደሆነ የጠየቅሽው በባለሙያዎችም ዘንድ ያከራከረ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ሞቶ የተወለደ ልጃቸውን ያቀፉ እናቶች በቀጣዩ እርግዝናቸው የበለጠ ድብርት እንደታየባቸው ጽፎ ብዙ ሆስፒታሎችን አስፈርቷል። ጥናቱ የተደረገው ግን በጥቂት እናቶች ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የስዊድን ተመራማሪዎች ልጁ የሚቀርብበት መንገድ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይተዋል፤ ሠራተኞቹ ሳያመነቱ እንደማንኛውም ሕፃን ያቀረቡላቸው እናቶች «ማየት ትፈልጊያለሽ?» ተብለው ከተጠየቁት ይልቅ ማቀፉን ተፈጥሯዊ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ከእኔ ልምድ ጋር ይስማማል። «ማየት ትፈልጊያለሽ?» ሲባል የሚያስፈራ ነገር የተደበቀ ይመስላል። እኔ «ልጅሽን አጥቤ ላምጣልሽ ወይስ አብረን እንጠበው?» እላለሁ። አልፈልግም ካለች አትገደድም። ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በላይ መጎትጎት ይሆናል።

ሰዓት አትቁጠሩባቸው። ክፍሉ ቀዝቀዝ ካለ ልጁ ረዘም ላለ ጊዜ አብሯቸው ሊቆይ ይችላል፤ ወስዶ ማቆየትና ሲጠይቁ መልሶ ማምጣትም ይቻላል። የእግሩን አሻራ፣ ጥቂት ፀጉር፣ የእጁን መለያ አምባር፣ ፎቶግራፍ ስጧቸው። ዛሬ የማይፈልጉት ከሆነ በፈቃዳቸው ፖስታ ውስጥ አሽጎ ከካርዱ ጋር ማስቀመጥ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ፖስታዋን ፍለጋ የመጣች እናት አውቃለሁ።

አባትየውን አትርሺ። ብዙውን ጊዜ በር ላይ ወረቀት ይዞ ይቆማል፤ የሚያልፈው ሁሉ «አይዞህ፣ አንተ በርታላት» ይለዋል። «አንተስ እንዴት ነህ?» ብለሽ ልጁን በእጁ አስይዢው።

ምን ይባላል ላልሽው፣ «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ»፣ «እንኳን አንቺ ተረፍሽ»፣ «ሳትለምጂው መሄዱ ይሻላል» አይባልም። «አዝናለሁ» በቂ ነው። አንቺ ዝም በማለትሽ አላጠፋሽም፤ መውጣትሽ ነው የጎዳው። ወንበር ስበሽ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ ብዙ ነገር ብለሻል። እንባሽ ቢመጣም አያሳፍርም፣ እሷ አንቺን ማጽናናት እስካልጀመረች ድረስ።

«ምን አድርጌ ነው?» ማለቷ አይቀርም። «ምንም አላደረግሽም» ለማለት አትጣደፊ፤ መጀመሪያ የምትጠረጥረውን ትንገርሽ። የተሸከመችው ዕቃ ይሆናል፣ የተጣላችው ሰው ይሆናል፣ በጀርባዋ መተኛቷ ይሆናል። ከሰማሽ በኋላ ነው መልስሽ የሚታመነው። እንግዴ ልጁን ማስመርመር፣ ከፈቀዱም የአስከሬን ምርመራ፣ ምክንያቱን ለማግኘት ከሁሉ የተሻሉት ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ምክንያቱ ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህንንም አስቀድማችሁ ንገሯት። በዓለም ላይ ከ28 ሳምንት በኋላ ሞተው የሚወለዱ ሕፃናት በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ይህን ቁጥር ለእሷ አታንሺባት፣ አያጽናናትም። ለእኛ ግን ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም ከእነዚያ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሞቱት ምጥ ከጀመረ በኋላ፣ ብዙዎቹም በእኛው እጅ ላይ ሳሉ ነው። ልጁ የሞተው በምጥ ላይ ከሆነና ክትትሉ ተጓድሎ ከነበረ፣ ወላጆቹ እውነቱን ከእኛ መስማት አለባቸው። ርኅራኄ መሸፋፈኛ ሲሆን በጣም ያናድደኛል።

ከመውጣቷ በፊት ስለ ጡቷ ንገሪያት። ማንም ስለማይነግራት በሦስተኛው ቀን ገደማ ወተቱ ሲመጣ ብቻዋን ያገኛታል። ደህና የሚደግፍ ጡት መያዣ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅና የሕመም ማስታገሻ ይረዳሉ፤ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰር አይመከርም። ሲወጥራት ለማስተንፈስ ያህል ትንሽ ማለብ ትችላለች። ወተቱን የሚያቆም ካቤርጎሊን የሚባል እንክብል አለ፤ ከወለደች በኋላ በመጀመሪያው ቀን 1 ሚሊ ግራም አንዴ ይሰጣል፣ የደም ግፊት ላለባት እናት ግን አይሰጥም። ደሟ ኔጋቲቭ ከሆነ የሾተላይ መከላከያው መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠቱን አረጋግጪ፤ በግርግሩ ይረሳል።

ክፍሏ የሕፃናት ለቅሶ ከማይሰማበት ቦታ ይሁን፣ በሩ ላይም ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ይለጠፍ። እኛ ዘንድ ይህ ከመጀመሩ በፊት የክትባት ሠራተኛ መዝገቧን ይዛ ገብታ «ሕፃኑ የት አለ?» ብላ ጠይቃለች። ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ ማንም አልነገራትም ነበር። የክትባት ቀጠሮውንም ሰርዙላት፤ ከወር በኋላ የማስታወሻ መልእክት ስልኳ ላይ እንዳይደርስ።

ያንቺ እናት በስድስተኛው ሳምንት ለምርመራ ትመለሳለች። ሕፃን ከታቀፉ እናቶች ጋር ወረፋ እንዳትጠብቅ ካርዷን አስቀድመሽ አውጪና በር ላይ ተቀበያት። ያኔ በመውጣትሽ እንዳዘንሽ ንገሪያት። ልጇን በስሙ ጥሪው። የምታስታውሽው ነገር ካለ፣ ጣቶቹን ወይም አፍንጫውን አይተሽ ከነበረ፣ ያየሽውን ያህል ብቻ ንገሪያት። ፀጉሩንም ካየሽው።