ጀልባዋ ቨርጂኒያ፣ ቁጥሯ ሜሪላንድ፤ ታክሱስ ለማን?

ሙቀት ሲመጣ የጀልባ ጥያቄ ይበዛል። ከዲሲ ዙሪያ የሚጽፉልን አንባቢዎች በዚህ ሰሞን የሚጠይቁት ስለ ሞተር ወይም ስለ ዓሣ አይደለም፤ ስለ ወረቀት ነው። ቁጥር የሚሰጠው ማነው፣ ታክሱ የት ይከፈላል፣ ስም እንዴት ይዞራል? የመረጥናቸውን እነሆ።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ነን። ገንዘብ አዋጥተን ሜሪላንድ ካለ አንድ ሰውዬ 19 ጫማ የሆነች ያገለገለች የሞተር ጀልባ በ9,000 ዶላር ልንገዛ ነው። የምናቆማትም የምንነዳትም ኦኮኳን ወንዝ ላይ ነው፣ አልፎ አልፎ ወደ ፖቶማክ እንወጣ ይሆናል። ጀልባዋ የሜሪላንድ ቁጥር አላት። ሰውዬው «ገና ጊዜው አላለቀም፣ ዝም ብላችሁ ንዱበት» ይላል። እውነት ነው? ወይስ መኪና የሚመዘግበው ዲኤምቪ ሄደን እናዙረው? ታክሱስ?

መልስ፦ ሰውዬውን አትስሙት። ጀልባዋ ላይ የተለጠፈው የምዝገባ ስቲከር ላይ የቀረው ጊዜ ለእሱ እንጂ ለእናንተ አይሠራም። የጀልባ ምዝገባ ወረቀት ባለቤትነቱ ከተላለፈበት ቀን ጀምሮ ዋጋ የለውም፤ ይሄ አገር አቀፍ ደንብ ነው። በእሱ ወረቀት ውሃ ላይ ወጥታችሁ ፖሊስ ቢያስቆማችሁ ያልተመዘገበ ጀልባ እየነዳችሁ ነው ማለት ነው።

ዲኤምቪም አትድከሙ። እዚያ የሚመዘገበው ጀልባዋ የምትጫንበት ተጎታች፣ ትሬለሩ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለጀልባ ቁጥርና ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) የሚሰጠው ዲደብሊዩአር የሚባለው የዱር እንስሳት ሀብት መሥሪያ ቤት ነው፤ ያው የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ የሚያወጣው። ምዝገባው 3 ዓመት ያገለግላል፣ ክፍያውም በጀልባው ርዝመት ነው።

ለምን ቨርጂኒያ? እናንተ እዚያ ስለምትኖሩ አይደለም። ጀልባ የሚመዘገበው በዋናነት በሚነዳበት ስቴት ነው። ኦኮኳን ላይ የምትውል ከሆነ ባለቤቷ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢኖርም የቨርጂኒያ ናት። ከዚያ በኋላ ሜሪላንድ ለሽርሽር ብትሻገሩ ችግር የለም፣ የአንዱ ስቴት ቁጥር ሌላው ጋ እስከ 90 ቀን ያስኬዳል። በነገራችን ላይ ፖቶማክን እንደ ድንበር መስመር ካሰባችሁት ተሸውዳችኋል። የእንግሊዝ ንጉሥ በ1632 በሰጠው ቻርተር የተነሳ ወንዙ እስከ ቨርጂኒያው ዳርቻ ድረስ የሜሪላንድ ነው፣ ዋና ከተማዋ አጠገብ ያለው ደግሞ የዲሲ። ከኦልድ ታውን አሌክሳንድሪያ ገመድ ፈታችሁ ስትወጡ ዲሲ ገባችሁ፤ በዊልሰን ድልድይ ሥር አልፋችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ሜሪላንድ ናችሁ። ሁለቱ ስቴቶች በዚሁ ወንዝ የተነሳ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰዋል፤ በ2003 ቨርጂኒያ ከወንዙ ውሃ የመሳብ መብቷን ያስከበረችው እዚያ ነው። ኦኮኳን ራሱ ግን የቨርጂኒያ ነው፣ እናንተን አያሳስባችሁም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የቨርጂኒያ የጀልባ ሽያጭ ታክስ 2 በመቶ ነው፣ ጣሪያው 2,000 ዶላር። በ9,000 ሲሰላ 180 ዶላር ይመጣል። ለሻጩ አትሰጡም፣ ታይትሉን ስታዞሩ ለዲደብሊዩአር ነው የሚከፈለው። ሜሪላንድ ብትመዘገብ ኖሮ 5 በመቶ፣ ማለትም 450 ዶላር ነበር። አንዳንዱ «ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው» ይላል። 9,000ውን 3,000 ብላችሁ ብታስጽፉ የምታተርፉት 120 ዶላር ነው፣ ለሦስት ሲካፈል 40፣ 40። ለ40 ዶላር ብሎ የሐሰት ወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው ካለ ጀልባ ባይገዛ ይሻለዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን ጀልባዋ ጀርባ ሂዱ። ከኋላዋ ቆማችሁ ስታዩ በቀኝ በኩል፣ ከላይ ጥጉ ላይ፣ 12 ፊደልና ቁጥር ተቀርጾ ታገኛላችሁ። እንደ መኪና ሻንሲ ቁጥር ነው። እሱንና ታይትሉ ላይ ያለውን አንድ በአንድ፣ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ አስተያዩ። አንዷ ፊደል ከተለየች፣ ወይም ቦታው ተፍቆ ቀለም ከተቀባ፣ እጃችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ሂዱ። (በፈረንጅ ከ1972 ኖቬምበር በፊት የተሠሩ ጀልባዎች ላይኖራቸው ይችላል፣ ያ ሌላ ነገር ነው።) ታይትሉ ላይ የባንክ ስም ካለም ባንኩ ዕዳው መከፈሉን ያረጋገጠበትን ደብዳቤ ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሞተር ያለው ጀልባ ሁሉ ታይትል ያስፈልገዋል፤ «ታይትሉ ይደርሳችኋል» የሚል ሻጭ ሲደርስ ይደውልላችሁ።

ሦስታችሁም ስማችሁን ልታስገቡ ከሆነ ደግሞ በምትሸጡ ቀን የማን ፊርማ እንደሚያስፈልግ አሁኑኑ ጠይቁ። አንዱ አገር ቤት ሄዶ ሲቆይ ነው ጣጣው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ የጀልባዬ ቁጥር ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አሠርቼ ነጯ ጀልባዬ ላይ ለጠፍኩት። ባለፈው ፓትሮል አስቁሞኝ «አይነበብም፣ ቀይረው» አለኝ። ምን አጠፋሁ? ስሟን በአማርኛ ልጽፍባት ነበር፣ እሱም ይከለከል ይሆን? ከዉድብሪጅ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውዬው ባንዲራህን ጠልቶ አይደለም። ቢጫው ነው ጉድ የሠራህ። ቁጥሩ ከጀልባው ቀለም ጋር ጎልቶ መለየት አለበት፣ ነጭ ላይ ቢጫ ከ10 ሜትር አይታይም። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ አድርግና ተገላገል። ፊደሉ ቀጥ ያለና ግልጽ ይሁን፣ ያጋደለና የተጠማዘዘ አይሆንም። ቁመቱ ከ3 ኢንች አያንስም። በሁለቱም ጎን፣ ጀልባው ከመሃል ወደ ፊት ባለው ግማሽ ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ። ብዙ ሰው የሚስተው ክፍተቱን ነው፦ VA፣ ከዚያ የአንድ ፊደል ስፋት ያህል ባዶ ቦታ፣ ከዚያ አራቱ ቁጥሮች፣ እንደገና ባዶ ቦታ፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት። አንድ ላይ ከደፈጠጥከው ያው እንደሌለ ነው። ስቲከሩ ደግሞ ከቁጥሩ በ6 ኢንች ውስጥ ይለጠፋል። የምዝገባ ወረቀቷም አብራህ ውሃ ላይ ትውጣ። ቤት መሳቢያ ውስጥ ብትቀመጥ ለፓትሮሉ ምንም አትነግረውም። ሞተርህ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ከሆነ የጀልባ ደኅንነት ኮርስ የወሰድክበትን ካርድም ይጠይቅሃል።

ስሟን በአማርኛ ጻፍ፣ ማንም አይከለክልህም። ቁጥሩን እንዳይጋርደው ብቻ ወደ ኋላ አድርገው። በኮስት ጋርድ (የፌዴራሉ የባሕር ጠባቂ) የተመዘገበች ጀልባ ብትሆን ግን አይቻልም ነበር፤ እነሱ ጋ የሚመዘገበው ስም በላቲን ፊደል መሆን አለበት፣ ከ33 ፊደልም አይበልጥም። «ጣና» ማለት ከፈለግክ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። እዚሁ ሜሪላንድ አናፖሊስ ላይ መኝታና ኩሽና ያላት 32 ጫማ ጀልባ በ60,000 ዶላር አግኝቻለሁ። አንድ ወዳጄ «ኮስት ጋርድ አስመዝግባት፣ ወይም ደላዌር ውሰዳት፣ ታክስ አይነካህም» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ወዳጅዎ ግማሹን ነው የነገሩዎት። ኮስት ጋርድ 5 ኔት ቶን (የጀልባው ውስጥ ስፋት መለኪያ እንጂ ክብደት አይደለም) የሞላ ጀልባ ይመዘግባል፣ የርስዎዋ ትሞላለች ብዬ እገምታለሁ። ሲመዘገብ የስቴት ቁጥር ከጎኑ ላይ ይነሳል፤ በምትኩ ስሟና የወደቧ ከተማ ቢያንስ በ4 ኢንች ፊደል ይጻፋል። ዓመታዊ ማደሻው 26 ዶላር ነው። ታክሱ ግን አይቀርም! ሜሪላንድ ኮስት ጋርድ የመዘገባት ጀልባም ብትሆን 5 በመቶዋን ትጠይቃለች፣ ማለትም 3,000 ዶላር፤ ከፍለውም የሜሪላንድ ስቲከር ይለጥፋሉ። ደላዌርም እንዲሁ ነው፤ እዚያ የሽያጭ ታክስ የለም፣ ነገር ግን ጀልባዋ በዓመት ከ90 ቀን በላይ ሜሪላንድ ውሃ ላይ ከዋለች ሜሪላንድ ትመጣለች። ማሪናዎቹ (የጀልባ ማቆሚያዎቹ) አካባቢ እየተዘዋወሩ የሚመዘግቡ ሰዎች አሏት።

ወዳጅዎ ያልነገሩዎት ትልቁ ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ኮስት ጋርድ ጋ ለማስመዝገብ የአሜሪካ ዜጋ መሆን ግድ ነው። ግሪን ካርድ አይበቃም። ዜግነት ካልወሰዱ የስቴቱ ምዝገባ ይበቃዎታል፣ ምንም አያጎድልብዎትም። ዜጋ ሆነው ካስመዘገቡም በፖስታ የሚመጡትን ደብዳቤዎች ይጠንቀቁ። መንግሥት የሚመስል አርማ ለጥፈው «ማደሻዎ ደርሷል» እያሉ ከ26 ዶላሩ በላይ የሚጠይቁ የግል ድርጅቶች አሉ፣ ራሱ ኮስት ጋርድ አስጠንቅቆባቸዋል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። በብድር የሚገዙ ከሆነና ጀልባዋ ራሷ የብድሩ መያዣ ከሆነች፣ መኝታ፣ ኩሽናና ሽንት ቤት ያላት ጀልባ በፌዴራል ግብር ሕግ እንደ ሁለተኛ ቤት ልትቆጠር ትችላለች። ወለዱን ተቀናሽ ማድረግ ይቻል እንደሆነ የታክስ ሠራተኛዎን ይጠይቁ። በካሽ ከሆነ ይርሱት።

ጥያቄ፦ ካያክ አለችኝ። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ልገጥምላት ነው። በቨርጂኒያ መመዝገብ አለባት?

መልስ፦ አዎ እህቴ። በመቅዘፊያ ብቻ ስትሄጂ አያስፈልግሽም ነበር። ሞተር ከገጠምሽ ግን በባትሪም ቢሆን ሞተር ነው፤ ቁጥር፣ ስቲከር፣ ታይትል፣ ሁሉም ይመጣል። የካያክ ጎን ጠባብ ነውና ባለ 3 ኢንቹ ቁጥር የት እንደሚያርፍ መጀመሪያ ለኪ።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ ጀልባዬን የማቆማት ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። በየዓመቱ የመኪና ዓይነት ግብር ይመጣብሃል ብለው አስፈራሩኝ። ሸጬ ልገላገል?

መልስ፦ በዚህ ምክንያትስ አትሽጣት። ቨርጂኒያ ውስጥ በጀልባ ላይ ዓመታዊ ግብር የሚጥለው ካውንቲው ወይም ከተማው ነው፤ የሚታየውም አንተ የምትተኛበት ሳይሆን ጀልባዋ ዘወትር የምትቆምበት ቦታ ነው። ስለዚህ የሚመለከትህ ፌርፋክስ ነው። የፌርፋክስ የጀልባ ምጣኔ ደግሞ ለ100 ዶላር 1 ሳንቲም ነው። ጀልባህ 20,000 ብትገመት ግብሯ 2 ዶላር! ፓርኪንግ ይበልጣል። ማሪና ስትቀይር ግን ወንዝ መሻገር ካውንቲ መቀየር ሊሆን ይችላል፤ ኦኮኳን ሰሜን ዳሩ ፌርፋክስ፣ ደቡብ ዳሩ ፕሪንስ ዊልያም ነው፣ ምጣኔያቸውም የየራሳቸው ነው።

እውነት ልትሸጣት ከሆነ ደግሞ የፈረምክበትን ታይትልና የገዢውን አድራሻ ፎቶ አንሳ፣ በ15 ቀን ውስጥ ለዲደብሊዩአር አሳውቅ፣ ለካውንቲውም ለየብቻ ጻፍ። አንዱ ለሌላው ይነግርልኛል ብለህ አትተማመን። ትሬለሩን ካስቀረህ እሱ ዲኤምቪ ላይ በስምህ ይቀጥላል።