ሲሞቅ ለሚጠፋ አሮጌ ኮሮላ

ወንድሜ፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ያላት ኮሮላህ ጠዋት ቶሎ ትነሳለች፤ ግማሽ ሰዓት ከሄደች በኋላ ትጠፋለች፤ ስትቀዘቅዝ ተመልሳ ትነሳለች ብለሃል። ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ በደንብ የሚያዞር ከሆነ ባትሪ አትግዛ።

ልክ እንደጠፋች፣ ሳትቀዘቅዝ ፈትሽ። የአየር ፊልትሮውን አንሳና የቤንዚን መስጫውን ገመድ በእጅህ ሳብ። ወደ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ካልተረጨ ፓምፑንና የነዳጅ ፊልትሮውን እይ። ከተረጨ የአየር ፊልትሮውን መልሰህ ግጠምና ወደ እሳቱ፣ ማለትም ቤንዚኑን ወደሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ሂድ። ትርፍ ካንዴላ (ብልጭታውን የሚሰጠው) ወስደህ፣ ከአንዱ ካንዴላ የነቀልከው የኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ሰክተህ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነካ፤ በእጅህ ግን አትያዘው። ሰው ያስነሳልህ። ብልጭታው ከሌለ ወይም ደካማ ከሆነ ቦቢናውን፣ ማለትም ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ክፍል፣ ጠርጥር። ውስጡ ያለው ሽቦ ሲሞቅ ይቋረጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። የኔም እንዲሁ ነበረች። ካርቡሬተሩን ሁለቴ አስፈትቼ ገንዘቤ ካለቀ በኋላ ነው የተገኘው፤ አንተ እንደዚያ እንዳትለፋ።