ለ16 ተጫዋች የፒንግ ፖንግ ውድድር በምድብ ይሻላል

ኮምቦልቻ ላይ 16 ልጆች ነን፣ ሁለት ጠረጴዛ አለን፣ በአንድ እሁድ ለመጨረስ ጥሎ ማለፍ ነው ምድብ የሚሻለው ላልከው ወንድሜ፣ ደሴ የክለብ ውድድር ለአመታት ሳዘጋጅ ስለነበር ያየሁትን ልንገርህ። በምድብ አርጉት። ጥሎ ማለፍ 15 ጨዋታ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ግን ግማሹ ልጅ አንዴ ተሸንፎ በቃ ወጣ ማለት ነው፣ ከሐይቅ ከተማ ድረስ በሚኒባስ መጥቶ ሩብ ሰዓት ተጫውቶ የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ፣ ከዛ በኋላ ብንጠራውም አልመጣም። አማተር ውድድር'ኮ ሰው እንዲጫወት ነው የሚዘጋጀው!

4 ምድብ በ4 በ4 ሰው ስታረጉት በየምድቡ 6፣ በድምሩ 24 ጨዋታ ይሆናል። ከ3 ጌም (አንዱ ጌም እስከ 11 ነጥብ ነው) 2 ያሸነፈ ካላችሁ ከነማሟሟቂያው 20 ደቂቃ ያዙለት፣ በሁለት ጠረጴዛ 4 ሰዓት ይፈጃል። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ሲያልፉ 7 ጨዋታ ይቀራል፣ እሱ ከ5 ጌም ይሁንና ሌላ 2 ሰዓት ያዙ። ቤተክርስቲያን የሄደው እንዲደርስ ጠዋት 4 ሰዓት ጀምሩ፣ ለዙሁር እረፍት ስጡ፣ 11 ሰዓት ገደማ ዋንጫው ይሰጣል፣ መብራት ቢጠፋ እንኳን ገና አልመሸም። ከደሴ የሚመጡ ካሉ የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ አታስገቧቸው፣ መንገዱ ላይ ያለውን የሃረጎ ተራራ ጭጋግ ከያዘው መኪና ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።

አራቱን ጠንካሮች በየምድቡ አንድ አንድ አስቀምጡና ሌላው በእጣ ይግባ።

ጭቅጭቅ የሚነሳው ውጤት አጻጻፍ ላይ ነው። ሶስት ልጆች እኩል ሁለት ሁለት ካሸነፉ በሶስቱ መሀል የተደረገው ጨዋታ ብቻ ነው የሚታየው፣ መጀመሪያ ጌም፣ እሱም እኩል ከሆነ ነጥብ፣ ስለዚህ 2ለ1 ብሎ የተጻፈ ወረቀት ምንም አይረዳችሁም፣ 11ለ8፣ 9ለ11፣ 12ለ10 ተብሎ ተዘርዝሮ ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙበት። ዳኛ ደግሞ ተሸናፊው ይሁን የሚሉ አሉ፣ እኔ አልወደውም፣ ተናዶ የወጣ ልጅ ኳሷ የላይኛውን ጠርዝ ነክታ ነጥብ ትሁን ወይ ጎኑን መትታ ትበላሽ ረጋ ብሎ አያይም፣ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ይዳኝ።

የኮምቦልቻ ሙቀት በር ያስከፍታል፣ ኳሷ ደሞ 2.7 ግራም ብቻ ስለሆነች ትንሽ ነፋስ ይወስዳታል፣ ጠረጴዛዎቹን ከበሩ አርቁና ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለውን ዝጉ። የጨዋታ ቅደም ተከተሉን ለማውጣት ካስቸገረህ የተጫዋቾቹን ስም ላክልኝ፣ ዛሬ ማታ እሰራልሃለሁ፣ አብሽር።